የቢሃሩ ሥር

ስሙኝማ፤ ዛሬ የአንድ ሥር ታሪክ ልተርክላችሁ ነው። ተክሉ ከጉልበት ብዙም ከፍ የማይል ቁጥቋጦ ነው። አገሩ ህንድ፤ ከሂማላያ ግርጌ እስከ ቢሃርና ቤንጋል ባለው ጥላማ ጫካ ይበቅላል። ሥሩ እጅግ መራራ ነው። በሳንስክሪት ሰርፓጋንዳ ይሉታል፤ የአውሮፓ ዕፅዋት አጥኚዎች ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በነበረ ሌዎንሃርት ራውቮልፍ በተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስም ራውቮልፊያ ብለው መዘገቡት። የመንደሩ መድኃኒት አዋቂዎች ለእባብ ንክሻ ያዙታል፣ ለትኩሳት ያዙታል፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይሰጡታል። በቢሃር ግን ስሙ የገነነው በሌላ ነገር ነበር፤ አእምሮው የታወከ፣ የሚጮህና የሚማታ ሰው ሥሩን ወስዶ ይረጋጋል፤ ተኝቶም ያድራል። ስለዚህ የእብድ መድኃኒት ይሉት ነበር።

ልብ በሉ፤ እስካሁን የደም ግፊት የሚል ቃል አላነሳሁም። ያኔ ያነሳም አልነበረም። ግፊት ድምፅ የሌለው በሽታ ነው። ቁስል ይታያል፣ ትኩሳት በእጅ ይዳሰሳል፣ ተቅማጥ ራሱን ያሳውቃል። ግፊት ግን ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ለዓመታት እየጎዳ ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ይድራል፣ ይስቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ግፊት ሲኖርባቸው፣ ከእነሱም 46 በመቶው መኖሩን አያውቁም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በክንድ የሚጠመጠመውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 ሠራው። ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ደግሞ በ1905 ማዳመጫውን ከጨርቁ በታች በደም ሥሩ ላይ አድርጎ የላይኛውንም የታችኛውንም ቁጥር በድምፅ መለየት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በፊት በምድር ላይ ይህ ሥር ወይም ይህ ቅጠል ግፊት ያወርዳል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ሰው አልነበረም። አያቶቻችን አላዋቂ ስለነበሩ እንዳይመስላችሁ። የሚቆጠር ነገር ስላልነበራቸው ነው። ራስ ምታቱን፣ የልብ ምቱን፣ ማዞሩን አይተው ያክሙ ነበር፤ ያዩትንም በታማኝነት አስተላልፈውልናል።

ወደ ሥሩ እንመለስ።

1931 ለዚህ ሥር ትልቅ ዓመት ነበር። በዴልሂ ሳሊሙዛማን ሲዲቂ የተባለ ወጣት ኬሚስት ነበር። ጀርመን ፍራንክፈርት ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ ወደዚህ ምርምር የሳበው ደግሞ ሐኪም አጅማል ኻን የተባለው ስመ ጥር የባህል ሕክምና ሊቅ ነበር። ሲዲቂ ሥሩን ወቅጦ፣ በፈሳሽ ዘፍዝፎና አጣርቶ በውስጡ ያሉትን አልካሎይድ የተባሉ የዕፅዋት ኬሚካሎች ነጥሎ አወጣ፤ አንደኛውንም በእኚያ ሊቅ ስም አጅማሊን አለው። ይህ ክብር ደስ ይለኛል፤ ዘመናዊው ኬሚስት ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ በሞለኪውሉ ስም ላይ ጽፎ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ጋናናት ሴንና ካርቲክ ቻንድራ ቦስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሥሩን ለታወኩ ሕሙማን ሰጥተው፣ ሕሙማኑ መረጋጋታቸውን ብቻ ሳይሆን የደም ግፊታቸው መውረዱንም በአንድ የህንድ የሕክምና መጽሔት ጻፉ። በምን አወቁ? መለኪያውን ስለጠመጠሙ ነዋ!

ዓለም ግን አልሰማም። የህንድ መጽሔት ማን ያነባል? በህንድ ውስጥ እንክብሉ እየተሸጠ፣ ሐኪሞቹ እያዘዙት፣ ከባሕር ማዶ ያለው ሕክምና ለግፊት ሕሙማን የሚሰጠው ነገር ጠፍቶት ጨው አልባ ሩዝ ያበላ፣ ነርቭ በቀዶ ጥገና ይቆርጥ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1949 የቦምቤው የልብ ሐኪም ሩስቶም ጃል ቫኪል ዝምታውን ሰበረው። ቫኪል ሥሩን ለዓመታት ሲያዝ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን በኪንግ ኤድዋርድ መታሰቢያ ሆስፒታል 50 የግፊት ሕሙማን ይዞ፣ በየጊዜው እየለካ፣ ውጤቱን ለንደን በሚታተመው የብሪታንያ የልብ መጽሔት ላይ አወጣው። ግፊቱ ወርዷል፤ የሚወርደውም ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። ጽሑፉ አትላንቲክን ተሻገረ። ቦስተን የሚገኘው ሮበርት ዊልኪንስ አንብቦ እንክብሉን ከህንድ አስመጣና በራሱ ሕሙማን ላይ ሞከረው፤ እሱም ያንኑ አየ። ቫኪል በ1957 የላስከር የሕክምና ሽልማት ሲሰጠው፣ ከቢሃር መንደር የተነሳው ዕውቀት በመጨረሻ ተከበረ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ። ሲባ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ኤሚል ሽሊትለር፣ ዮሐንስ ሙለርና ሁጎ ባይን አንድ ጥያቄ ይዘው ተቀምጠዋል፤ በዚህ ሥር ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች ግፊቱን የሚያወርደው የትኛው ነው? እስከዚያ ተነጥለው የወጡት የሚያምሩ ክሪስታሎች ሲሞከሩ የሥሩን ኃይል አያሳዩም። ኃይሉ ያለው ሌላው ቢሆን ሊደፋው በሚችለው ጠቆር ባለ ሙጫማ ዝቃጭ ውስጥ ነበር። ያንን ደጋግመው አጣሩት፤ በ1952 ነጭ ክሪስታል አወጡና ረዘርፒን አሉት። ከሚሊግራም ሩብ ያነሰ መጠን በቀን አንዴ የሰውን ግፊት ማውረድ ይችላል።

ለምን ይህን ያህል ለፉ? ሥሩን ወቅጦ መስጠት አይበቃም ነበር? ምክንያት አላቸው። ሥር ከሥር ይለያያል። በዝናብ ማግስት የተነቀለው ከበጋው፣ ከአንዱ ጫካ የመጣው ከሌላው ጫካ፣ ዘንድሮ የተነቀለው ለሦስት ዓመት መጋዘን ከከረመው የመድኃኒት መጠኑ አንድ አይደለም። አንድ ማንኪያ ዱቄት ለዛሬው ሕመምተኛ ጥቂት፣ ለነገው ብዙ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ግን የጫካው ሥር ራሱ ገበያው ሲደራ ክፉኛ ተነቀለ፤ ዛሬ ተክሉ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፅዋት አንዱ ነው።

እስካሁን የድል ወሬ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን በደንብ ስሙልኝ፤ ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለእሱ ነው።

ረዘርፒን የሚወስዱ ሕሙማን ደስ ብሏቸው ነበር። ግፊታቸው መውረዱ ብቻ አይደለም፤ ይረጋጋሉ፣ አይበሳጩም፣ ይተኛሉ። ሐኪሙም ደስ ይለዋል። ከወራት በኋላ ግን ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ሌላ ሰው ሆኑ። ጎህ ሳይቀድ ይነቃሉ፣ ምግብ አይጥማቸውም፣ ያለቅሳሉ፣ መኖር ይሰለቻቸዋል። ዋሽንግተን የሚሠራው ሐኪም ኤድዋርድ ፍራይስ ይህን አስተዋለና በ1954 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመው፤ ረዘርፒን በብዛትና ለረጅም ጊዜ የወሰዱ የግፊት ሕሙማን ላይ ድባቴ ታይቷል አለ። ልብ አድርጉ፤ መድኃኒቱ ዓለምን ባስደመመበት፣ ሁሉም በሚያወድሰው ሰዓት ነው ይህን የጻፈው።

ከየት መጣ ድባቴው? ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገረው በኬሚካል መልእክተኞች ነው፤ ኖርአድሬናሊን፣ ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚን ይባላሉ። ነርቩ እነዚህን እንደ ጎተራ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያከማቻል። ረዘርፒን የጎተራውን መግቢያ ይዘጋል፤ ከውጭ የቀረውም ይበላሻል። ወደ ደም ሥር የሚሄደው ነርቭ ጎተራ ባዶ ሲሆን የደም ሥሩ ይላላል፣ ግፊት ይወርዳል። የአንጎሉም ጎተራ ባዶ ይሆናል። ይህ ሁለት የተለያየ ነገር አይደለም፤ አንድ ሥራ ነው፣ በሁለት ቦታ። ፈውሱም፣ እንደተገመተው ጉዳቱም፣ ከአንድ ሞለኪውል፣ በአንድ መንገድ መጡ። በነገራችን ላይ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 በረዘርፒን የደነዘዙ ጥንቸሎች ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚለውጠውን ኤል ዶፓ ሲሰጣቸው ነቅተው ሲንቀሳቀሱ አይቶ ነው ወደ ፓርኪንሰን ሕክምና የሚወስደው በር የተከፈተው፤ በዶፓሚን ላይ ላደረገው ምርምርም በ2000 ኖቤል ተሸለመ። አንድ የቢሃር ሥር የት ድረስ እንደሄደ እዩ!

ፍራይስ ጉዳቱን ካየ በኋላ መድኃኒቱን ጣለው? አልጣለውም። እዚህ ላይ ነው ይህን ሰው የምወደው። መጠኑን ቀንሶ፣ ከሽንት አብዢው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና የደም ሥር ከሚያላላው ሃይድራላዚን ጋር አጣምሮ፣ እስከዚያ ማንም በቅጡ ያልመለሰውን ጥያቄ ለመመለስ ተነሳ፤ ግፊትን ማውረድ ራሱ ሕይወት ያድናል? ያኔ ብዙ ሐኪሞች ግፊት ሲጨምር ሰውነት አስፈልጎት ነው፣ አትንኩት ይሉ ነበር።

ጥናቱ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ተካሄደ። የታችኛው ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች ተመረጡ። ከመመረጣቸው በፊት ግን አንድ ፈተና ነበረባቸው፤ ሪቦፍላቪን የተቀላቀለበት ባዶ እንክብል ለወራት ወሰዱ። ሪቦፍላቪን ሽንት ውስጥ ሲገባ በልዩ ብርሃን ያበራል፤ ኪኒኑን በትክክል የሚወስደውና የሚጥለው በዚህ ተለየ። ከዚያ በዕጣ 73ቱ መድኃኒቱን፣ 70ዎቹ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ያዙ። ሕሙማኑም ሐኪሞቹም ማን ምን እንደያዘ አያውቁም። በ1967 ውጤቱ ወጣ። በአማካይ ሁለት ዓመት እንኳ ባልሞላ ክትትል ባዶውን ከያዙት በ27ቱ ላይ ከባድ አደጋ ደረሰ፤ 4ቱ ሞቱ። መድኃኒቱን ከያዙት አደጋ የደረሰባቸው 2 ሲሆኑ፣ የሞተ የለም።

27 እና 2። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ግፊታችሁን የሚለካው ነርስ፣ ኪኒኑን አታቋርጡ የሚላችሁ ሐኪም፣ የሚቆሙበት መሬት ይህ ነው። በጥናቱ ጥምር ውስጥም ያ መራራ ሥር ነበረበት።

የደኅንነት ጥያቄው ግን በዚህም አላበቃም። በ1974 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሦስት ጥናቶች በአንድነት ወጥተው ረዘርፒንን ከጡት ካንሰር ጋር አያያዙት፤ ሕሙማን ደነገጡ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን አላጸኑትም፤ ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ሰዎች አመራረጥ ላይ ችግር እንደነበረ ታየ። እንግዲህ ክሱም እንደ ውዳሴው ምስክር ይፈልጋል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ።

በመንዝና በሰሜን ተራሮች፣ በባሌም ደጋ ጦስኝ አለ። ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ግፊት ላለበት ሰው ጥሩ ነው ይባላል። ኮንሶና ጋሞ ሽፈራው አለ፤ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል፣ ኮንሶዎች ከእህል ዱቄት ከሚሠሩት ኩርኩፋ ጋር። ዶቅማ አለ። ዲግጣ አለ። እነዚህን ዕፅዋት የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራዎች ወስደው ጠይቀዋቸዋል፤ ሥራቸው ከቤተ ሙከራው በር ብዙም ሳይወጣ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

እንዴት ይጠየቃል መሰላችሁ? መጀመሪያ ተክሉ ራሱ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ በብሔራዊው የዕፅዋት ማኅደር ይቀመጣል። ከዚያ ቅጠሉ ወይም ዘሩ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ፈሳሹ ተንኖ ጭማቂው ይቀራል። ከጊኒ ፒግ ዐውራ የደም ቧንቧ ቀለበት ተቆርጦ በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ ኦክስጅን በሚነፋበት የጨው ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ፖታሲየም ክሎራይድ ሲጨመርበት ቀለበቱ ይኮማተራል። ያኔ ጭማቂው ጠብ ይደረጋል፤ ቀለበቱ ከላላ መሣሪያው ይመዘግባል። የጦስኝ የውሃ ጭማቂ በዚህ መንገድ ቧንቧውን ማላላቱ በ2015 ታትሟል። ሽፈራው ደግሞ ከቀለበቱ አልፎ በሕያው እንስሳ ላይ ተሞክሯል፤ በፍሩክቶስ ግፊታቸው እንዲጨምር በተደረጉ አይጦች ላይ ግፊቱን ማውረዱ በ2016 ወጥቷል። የዶቅማ ቅጠል አንዱ ኩላሊታቸው ወጥቶ የሌላው ደም ሥር በቆንጣጭ በጠበበባቸው አይጦች ላይ ታይቷል፤ ኩላሊት ደም ሲያንሰው ግፊት ስለሚያስጨምር ነው እንዲህ የሚደረገው።

ዲግጣ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዘሩ ጭማቂ በአይጥ ግፊት አውርዷል፤ ተመራማሪዎቹም የሚሠራው ካልሲየም ወደ ደም ሥሩ ጡንቻ እንዳይገባ በማገድ ነው አሉ። ይህ ሐኪም የሚያዝልን የግፊት ኪኒን፣ አምሎዲፒን፣ የሚሄድበት መንገድ ነው። ጥሩ ዜና ነው። ግን ዲግጣ ማለት ገበሬው የከብቱን ቅማል የሚገድልበት ዕፅ ነው፤ ዓሣ ለማደንዘዝም ያገለግላል። ኃይል ያለው ነገር ነው። አምሎዲፒን እየዋጠ ዲግጣ የሚደርብ ሰው ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ወርዶ ሊጥለው ይችላል፤ ሐኪሙም ካልተነገረው ምክንያቱን አያገኘውም።

ለእነዚህ ጭማቂዎች የሚደረገው የመጀመሪያው የመርዛማነት ፈተና ከፍ ያለ መጠን ለአይጥ ሰጥቶ ለ14 ቀን መከታተል ነው። አልሞተችም? ጥሩ። ቀጥሎ ለ28 ወይም ለ90 ቀን እየተሰጠ ደሟ ይመረመራል፣ ጉበቷና ኩላሊቷ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጣም አስፈላጊ ሥራ ነው። ነገር ግን የፍራይስን ሕሙማን አስታውሱ። የእነሱ ጉዳት በጉበት አልነበረም፣ በኩላሊት አልነበረም፣ በ14 ቀንም አልመጣም። አይጥ ከፋኝ አትልም። በቆንጣጭ የታሰረው የኩላሊት ሥርም የአዲስ አበባን የታክሲ ሰልፍ፣ ጨው የበዛበትን ወጥ፣ የእናትን የሃያ ዓመት ግፊት አይወክልም። የተንጠለጠለው ቀለበትም ጨጓራና ጉበት የለውም፤ የተዋጠ ቅጠል ደግሞ በሁለቱም ማለፍ አለበት።

ሌላም አለ። ጎረቤታችን «ሽፈራው ጠጥቼ ግፊቴ ከ170 ወደ 140 ወረደ» ሲል አይዋሽም። ግን ሰው የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ሲያመው፣ ሲጨነቅ፣ ቁጥሩ ጣሪያ በነካበት ቀን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቢለካ ምንም ሳይወስድ እንኳ ዝቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። ያን ጊዜ በሲኒው ውስጥ የነበረው ሁሉ ይመሰገናል፤ ሽፈራውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፌጦውም። ቫኪል ደጋግሞ የለካው፣ ፍራይስ ባዶ እንክብል የጨመረው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ለሽፈራው የምመኝለት ጥናት ይህ ነው። ኮንሶ ወይም አርባ ምንጭ ይሁን፤ ሰዉ ተክሉን የሚያውቅበት። በአንድ ወቅት የተለቀመ፣ በውስጡ ያለው ነገር የተመጠነ የቅጠል ዱቄት በእንክብል ይገባል። የግፊት ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ፣ ገና በጀማሪ ደረጃ ያሉ ፈቃደኞች በዕጣ ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ ሽፈራውን፣ ግማሾቹ በቀለምና በሽታ የሚመስለውን ሌላ ቅጠል ይይዛሉ፤ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቁም። ግፊቱ ጠዋትም ማታም፣ ቤትም ጤና ጣቢያም ይለካል። ጉበትና ኩላሊት በደም ይመረመራል፤ የስኳር መጠንም እንዲሁ። በየወሩም አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እንቅልፋቸውን፣ የምግብ ፍላጎታቸውን፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ኀዘን በራሳቸው ቋንቋ፣ በኮንሶኛ ወይም በጋሞኛ ይጠይቃቸዋል፤ የሚሉትንም ከግፊቱ ቁጥር ጎን በዚያው መዝገብ ላይ ይጽፋል።